ስለ ባርኮድ ማንበቢያና ስለ እጅ ስልክ መጣመር፤ ለመጋዘን ሥራ የሚሆን ምክር

ገበሬ ሁለት በሬዎችን በአንድ ቀንበር ከመጥመዱ አስቀድሞ ጠባያቸውን ይመረምራል። አንዱ ቸኳይ ሁለተኛው ዘገምተኛ የሆነ እንደ ሆነ ትልሙ ይጣመማል፤ በቀኝ መሳብ የለመደውም በሬ በግራ የተጠመደ እንደ ሆነ ቀኑ በጭቅጭቅ ያልፋል፤ ጥፋቱም የበሬዎቹ ሳይሆን የጠማጁ ነው። በመጋዘን ሥራ ላይ አብረው እንዲውሉ የሚደረጉት ሁለት ታናናሽ መሣሪያዎች፥ ማለት ገመድ የሌለው የባርኮድ ማንበቢያና መዝገቡ የሚያዝበት የእጅ ስልክ ወይም ታብሌት፥ እንደዚሁ ናቸው። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው መልካም ሆነው ሳለ፥ ሲጣመሩ ጥንቃቄ የጐደለ እንደ ሆነ ሥራው ይበላሻል። ስለዚህ የዞንና የወረዳ የግብርና ሹማምንት የነገሩን ጠባይ ዐውቀው የበታች ሠራተኞቻቸውን ያዝዙ ዘንድ፥ ጕዳዩ ከዚህ በታች በየተራው ተገልጿል።

ነገሩ ስለ ምን እንደሚያስፈልግ

የእርሻ ሥራ ጊዜ ከሌላው ሥራ ጊዜ የተለየ ነው። ነጋዴ ዛሬ ያልሸጠውን ነገ ይሸጣል፤ ጸሓፊም ዛሬ ያልጻፈውን ነገ ይጽፋል፤ ዝናም ግን ማንንም አይጠብቅም። ማዳበሪያ ከባሕር ማዶ ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ በኩል ይገባል፤ ከዚያም በመኪና ተጭኖ እስከ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ድረስ ረጅም መንገድ ይጓዛል። 400 ኩንታል የጫነ አንድ መኪና ባለ 50 ኪሎ ጆንያ 800 ያራግፋል። ይህን ሁሉ በዐይን እየቈጠሩ፥ በእጅ እየጻፉ፥ ገቢውን በሞዴል 19 ወጪውንም በሞዴል 22 መመዝገብ የቈየና የታወቀ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱም መልካም ነው። ነገር ግን የደከመ እጅ 6ን 9 አድርጎ ይጽፋል፤ የደከመም ዐይን አንድ መሥመር ይዘላል።

ስሕተቱ በወረቀት ላይ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ፍሬው ግን ትንሽ አይደለም። አንድ ገበሬ ምርጥ ዘሩን ሳይወስድ «ወስዷል» ተብሎ የተጻፈበት እንደ ሆነ፥ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፥ ከወረዳም ወደ ማኅበሩ ሲመላለስ ሰንብቶ፥ ነገሩ ተጣርቶ እስኪታረም ድረስ የበቈሎው መዝሪያ ጊዜ ያልፍበታል። የመጋዘኑም ኀላፊ ያልሰረቀው ጆንያ ጐደለ ተብሎ ይጠየቃል፤ ስሙም ይጐድፋል። እንግዲህ በመዝገብ ላይ ያለው ቍጥር የአንዱ የዓመት እንጀራ፥ የሁለተኛውም ክብር መሆኑን ማስተዋል ይገባል። የባርኮድ ማንበቢያ የሚፈለገውም ለጌጥና ለመሠልጠን ምልክት ሳይሆን፥ ይህን ስሕተት ለማሳነስ ነው።

ባርኮድ ምን እንደ ሆነ

ባርኮድ ማለት ቀጫጭንና ወፋፍራም ጥቍር መሥመሮች ከነጭ ክፍተት ጋር ተሰልፈው ቍጥርን ወይም ፊደልን የሚያመለክቱበት ጽሕፈት ነው። ይህን ጽሕፈት ያሰቡት ኖርማን ጆሴፍ ውድላንድና በርናርድ ሲልቨር የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1949 የፈጠራ መብት ጠይቀው በ1952 ተሰጣቸው። ውድላንድ አሳቡ የመጣለት በማያሚ ባሕር ዳር ተቀምጦ በአሸዋ ላይ ጣቶቹን ሲስብ ነው፤ በልጅነቱ የተማረውን የቴሌግራፍ ነጥብና ሰረዝ ወደ ታች አስረዝሞ መሥመር አደረገው። አሳቡ ግን እስከ 1974 ድረስ በሱቅ ንግድ ላይ በሰፊው አልዋለም፤ በዚያ ዓመት ሰኔ 26 ቀን በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት በትሮይ ከተማ በአንድ የምግብ ሸቀጥ መደብር ለመጀመሪያ ጊዜ ባርኮዱ ተነቦ የተሸጠው ዕቃ አንድ ጥቅል ማስቲካ ነበር። በ1994 ደግሞ ዴንሶ በተባለ የጃፓን ድርጅት ውስጥ ኪው አር የሚባለው ባለ አራት ማዕዘን ምልክት ተፈጠረ፤ እርሱም ከመሥመሩ ይልቅ ብዙ ጽሕፈት ይይዛል፥ ጥቂት ቢቈሸሽም ይነበባል።

በሸቀጥ ላይ በብዛት የሚታየው ባርኮድ 13 አኃዝ ያለው ነው። ከነዚህም የመጨረሻው አኃዝ የቀሩትን 12 የሚፈትን ዳኛ ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ከግራ ጀምሮ 1ኛው፥ 3ኛው፥ 5ኛው እያለ ያለው አኃዝ ይደመራል፤ 2ኛው፥ 4ኛው፥ 6ኛው እያለ ያለው ደግሞ ተደምሮ በ3 ይባዛል፤ ሁለቱ ድምሮች ከተጨመሩ በኋላ ወደሚቀጥለው ሙሉ ዐሥር ለመድረስ የሚጐድለው አኃዝ ዳኛው ነው። ለምሳሌ 123456789012 የሚለው ቍጥር ቢወሰድ የመጀመሪያው ድምር 26፥ ሁለተኛው 22 ነው፤ 22 በ3 ሲባዛ 66፥ ከ26 ጋር ሲደመር 92 ይሆናል፤ ወደ 100 ለመድረስ 8 ይጐድላልና 13ኛው አኃዝ 8 ነው። ማንበቢያው ይህን ሒሳብ በቅጽበት ሠርቶ ካልገጠመለት ንባቡን አይቀበልም። በእጅ በሚጻፍ መዝገብ ውስጥ እንዲህ ያለ ዳኛ የለም።

ነገር ግን አንድ ነገር በጥብቅ መታወቅ አለበት። ይህ ባለ 13 አኃዝ ምልክት የዕቃውን ዐይነት እንጂ የእያንዳንዱን ከረጢት ማንነት አይናገርም። በ800ው ጆንያ ላይ ያለው ምልክት አንድ ዐይነት የሆነ እንደ ሆነ፥ ሠራተኛው አንዱን ጆንያ ሁለት ጊዜ ቢያነበው መሣሪያው ሁለት ጆንያ ብሎ ይቈጥራል፤ የሚያስጠነቅቅም የለም። እያንዳንዱ ከረጢት ለብቻው እንዲታወቅ የተፈለገ እንደ ሆነ፥ የራሱ ተራ ቍጥር ያለው ሌላ ምልክት ሊለጠፍበት ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ መዝገቡ ድጋሚውን ለይቶ «ይህ ቀድሞ ተነቧል» ለማለት ይችላል።

ማንበቢያው ከስልኩ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ

ገመድ የሌለው ማንበቢያ ያነበበውን ወደ ስልኩ የሚልከው ብሉቱዝ በሚባለው የአጭር ርቀት ራዲዮ ነው። ይህን ራዲዮ ኤሪክሰን የተባለው የስዊድን ኩባንያ በ1994 መሥራት ጀመረ፤ በ1998 ኩባንያዎች ማኅበር አቆሙለት፥ በኋላም የጋራ ደንብ አወጡለት። ስሙም በ10ኛው መቶ ዓመት ዴንማርክን ይገዛ ከነበረው ከንጉሥ ሃራልድ ቅጽል የተወሰደ ነው፤ ንጉሡ የተለያዩትን ሕዝቦች እንዳገናኘ ራዲዮውም የተለያዩትን መሣሪያዎች ያገናኛል ሲሉ ነው።

ለባላገር ወረዳ ዋናው ጥቅም ይህ ነው፤ ብሉቱዝ የስልክ ኔትወርክም ሆነ ኢንተርኔት አይፈልግም። ኔትወርክ በማይደርስበት ቀበሌ ማንበቢያውና ስልኩ ያለ ችግር ይነጋገራሉ፤ መዝገቡ በስልኩ ውስጥ እንዲጠራቀም ሆኖ የተሠራ እንደ ሆነ፥ ሠራተኛው ኔትወርክ ካለበት ሲደርስ ወደ ወረዳው ያስተላልፈዋል።

ሁለቱ መሣሪያዎች የሚነጋገሩበት ቋንቋ ግን አንድ ብቻ አይደለም። አንደኛው የኪቦርድ መንገድ ነው፤ ማንበቢያው ራሱን እንደ ጽሕፈት ገበታ አድርጎ ለስልኩ ያቀርባል፤ ያነበበውንም ቍጥር ሰው በጣቱ እንደሚጽፈው ሁሉ ጠቋሚው በቆመበት ስፍራ ይጽፈዋል። ይህ መንገድ ልዩ ፕሮግራም አይፈልግምና ቀላል ነው። ሁለተኛው የተከታታይ መሥመር መንገድ ነው፤ ቍጥሩ በቀጥታ ለመዝገቡ አፕ ይሰጣል እንጂ በማናቸውም ስፍራ አይጻፍም፤ ይህም አስተማማኝ ነው፥ ነገር ግን አፑ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት፤ በአይፎንም ላይ ኩባንያው ያልፈቀደው ማንበቢያ በዚህ መንገድ አይሠራም። ሦስተኛው ባትሪ የሚቈጥበው አዲሱ የብሉቱዝ ዐይነት ነው። ሹሙ መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት አፑን ከሠራው ባለሙያ ዘንድ የትኛው መንገድ እንደሚፈለግ ቢጠይቅ፥ ገንዘቡ በከንቱ አይባክንም።

የማጣመሩ ሥርዓት

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ መኪናው ደርሶ ጆንያው መውረድ ከጀመረ በኋላ ማጣመር የሚጀምር ሠራተኛ ሁለቱንም ሥራ ያበላሻል። ማጣመር ከዋዜማው ተረጋግቶ የሚሠራ ነው። ተራውም የሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ሁለቱም መሣሪያዎች ሌሊቱን ቻርጅ ተደርገው ይደሩ። ባትሪው ሊያልቅ የተቃረበ ማንበቢያ በመካከል እየተቋረጠ ያስቸግራል።

2ኛ፤ በመጋዘኑ ውስጥ ብዙ ማንበቢያዎች ያሉ እንደ ሆነ፥ ከሚጣመረው በቀር ሌሎቹ ሁሉ ይጥፉ። ተመሳሳይ ዐይነት ማንበቢያዎች በስልኩ ላይ በተመሳሳይ ስም ሊታዩ ስለሚችሉ አንዱን ከሌላው መለየት ያውካል።

3ኛ፤ ከማንበቢያው ጋር በሚመጣው የመምሪያ መጽሐፍ ላይ የማዘዣ ባርኮዶች ታትመዋል። በነዚህም የሚፈለገው የመነጋገሪያ መንገድ ይመረጣል፤ ከዚያም ማንበቢያውን ለመጣመር ዝግጁ የሚያደርገው ምልክት ይነበባል። ስለዚህ መጽሐፉ እንደ ደረሰኝ ተጠብቆ በመዝገብ ቤት ይቀመጥ እንጂ ከካርቶኑ ጋር አይጣል።

4ኛ፤ በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ብሉቱዝ ተከፍቶ የማንበቢያው ስም ሲታይ ይነካ። የቈዩት ማንበቢያዎች የይለፍ ቍጥር ይጠይቃሉ፤ ቍጥሩም በመምሪያው መጽሐፍ ይገኛል። አንዳንድ አፖች ደግሞ በስልኩ ገጽ ላይ የማጣመሪያ ባርኮድ ያሳያሉ፤ ማንበቢያው እርሱን ሲያነብ ይጣመራል። ነገር ግን በሌዘር የሚያነቡት ማንበቢያዎች የስልክ ገጽ ላይ ያለውን ምልክት ለማንበብ ስለሚያዳግታቸው፥ ይህ ዘዴ ካሜራ ላላቸው የሚሆን ነው።

5ኛ፤ ከተጣመሩ በኋላ ቍጥሩ የታወቀ አንድ ምልክት ይነበብ፤ በስልኩ ላይ የተጻፈውም በወረቀቱ ላይ ካለው አኃዝ ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር። ሦስት ልዩ ልዩ ምልክቶች ተነበው ሦስቱም ሳይገጥሙ ሥራው አይጀመር።

6ኛ፤ በማንበቢያውና በስልኩ ላይ አንድ ዐይነት ቍጥር በማይለቅ ቀለም ይጻፍ። ማንበቢያ ቍጥር 1 ከስልክ ቍጥር 1 ጋር፥ ቍጥር 2ም ከቍጥር 2 ጋር ይኑር። ማን የትኛውን ጥንድ እንደ ተረከበም ተጽፎ ይፈረምበት።

የሚደርሱ እንከኖችና መድኀኒታቸው

የመጀመሪያው እንከን የተጣመሩት መቀላቀል ነው። ማንበቢያ ኀይል ሲሰጠው አስቀድሞ የሚፈልገው በመጨረሻ የተጣመረበትን ስልክ ነው። ሁለት ሠራተኞች ለምሳ ወጥተው ሲመለሱ ማንበቢያቸውን ተለዋውጠው ቢያነሡ፥ አንደኛው በበሩ የሚያነበው ገቢ በሁለተኛው ስልክ ላይ እንደ ወጪ ሊጻፍ ይችላል። ሁለቱም የማንበቡን ድምፅ ስለሚሰሙ ምንም አይጠረጥሩም፤ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ግን መጋዘኑ ሞልቶ ሳለ መዝገቡ ጐዶሎ ይሆናል። መድኀኒቱ ከላይ የተነገረው በቀለም የሚጻፍ ቍጥር ነው፤ ሠራተኛውም ሥራ በጀመረ ቍጥር የመጀመሪያውን ንባብ በራሱ ስልክ ላይ ማየት አለበት።

ሁለተኛው የጽሕፈት ገበታ ቋንቋ ነው። በኪቦርድ መንገድ የሚሠራ ማንበቢያ ወደ ስልኩ የሚልከው ፊደሉን ሳይሆን የቁልፉን ስፍራ ነው። ስለዚህ ስልኩ ከውጭ የሚመጣውን ገበታ በፈረንሳይኛ አሰላለፍ እንዲቀበል የተዘጋጀ እንደ ሆነ፥ በቍጥር ፈንታ የጽሕፈት ምልክቶች ይጻፋሉ፤ በአማርኛም የተዘጋጀ እንደ ሆነ የላቲኑ ፊደል ተለውጦ ሊጻፍ ይችላል። ብዙ ሰዎች ይህን ባዩ ጊዜ መሣሪያው ተበላሸ ብለው ይጥሉታል። መሣሪያው ግን ደኅና ነው፤ የውጭ ገበታው ቋንቋ ማንበቢያው ከተዘጋጀበት ጋር እንዲስማማ ማድረግ ብቻ ይበቃል። ዳግመኛም በዚህ መንገድ ሲሠራ የስልኩ የራሱ ገበታ ከገጹ ሊሰወር ይችላል፤ የገበሬውን ስም በእጅ መጻፍ ያስፈለገ እንደ ሆነ ገበታው እንደገና የሚወጣበት መንገድ በመምሪያው መጽሐፍ ተጽፏል።

ሦስተኛው ርቀት ነው። በብዛት የሚገኘው የብሉቱዝ ዐይነት እስከ 10 ሜትር ያህል፥ ኀይለኛው ደግሞ በገላጣ ስፍራ እስከ 100 ሜትር ያህል ይደርሳል። የመጋዘን ቆርቆሮና ብረት ራዲዮውን ያንጸባርቀዋል፤ ውሃ ያለበት ነገር፥ የሰውም ገላ ሳይቀር፥ ያዳክመዋል። ስልኩን በጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ትቶ ማንበቢያውን ብቻ ይዞ በቁልሉ መካከል የሚዞር ሠራተኛ ንባቡ ሊጠፋበት ይችላል። አንዳንዱ ማንበቢያ ርቆ ያነበበውን በራሱ ውስጥ አቈይቶ ሲቀርብ ይልካል፤ አንዳንዱ ግን አይልክም። የትኛው እንደ ሆነ ከሥራው በፊት መፈተን ይገባል፤ ስልኩንም በኪስ ወይም በትከሻ ቦርሳ ይዞ መዞር ይሻላል።

አራተኛው ግማሽ ፍቺ ነው። በተጣመሩ ጊዜ ሁለቱም መሣሪያዎች የጋራ ምስጢር ይይዛሉ። ምስጢሩ ከአንደኛው ብቻ ተሰርዞ በሁለተኛው የቀረ እንደ ሆነ ዳግመኛ መገናኘትን እንቢ ይላሉ። መድኀኒቱ ከሁለቱም ሰርዞ እንደ አዲስ ማጣመር ነው።

አምስተኛው የወረቀቱ ጕዳት ነው። ጆንያ ይታጠፋል፥ ማዳበሪያ ይበናል፥ ፀሓይ ቀለምን ያገረጣል። ምልክቱ በተቻለ መጠን በማይታጠፈው ወገን ይለጠፍ፤ በመሥመሮቹ ግራና ቀኝ ያለው ባዶ ነጭ ስፍራም አይቈረጥ፥ ማንበቢያው መጀመሪያውንና መጨረሻውን የሚያውቀው በእርሱ ነውና። በቀይ ቀለም የታተመ ምልክት ለዐይን ያማረ ቢሆንም፥ በቀይ ብርሃን የሚያነብ መሣሪያ ቀዩን ከነጩ ለይቶ አያየውም። ከመሥመሩ በታች አኃዙ ግልጽ ሆኖ ይታተም፤ ማንበቢያው ባቃተው ጊዜ የሰው ዐይን እንዲተካው።

የሹሙ ተግባር

መሣሪያው የሹሙን ኀላፊነት አይቀንስም፤ ይልቁንም ያበዛዋል። ማንበቢያው የሚናገረው ያነበበውን ብቻ ነው፤ ጆንያው ውስጥ ያለው ዩሪያ ይሁን አሸዋ፥ ከረጢቱን የተቀበለው ባለቤቱ ይሁን ሌላ ሰው፥ እርሱ አያውቅም። ስለዚህ የማታ ቈጠራ አይቅር። በቁልሉ ያለው ጆንያ በሰው ተቈጥሮ ከስልኩ መዝገብ ጋር ይመሳከር፤ ልዩነት የተገኘ እንደ ሆነ ምክንያቱ በዚያው ቀን ይመርመር፥ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና። ሕግ የሚጠይቀው የሞዴል 19ና የሞዴል 22 ፊርማም ስልክ መጣ ተብሎ አይተው።

የምስጢርም ጥበቃ አለ። ማጣመር በገበያ መካከል ወይም ብዙ ሰው በተሰበሰበበት አይደረግ፤ ከተጣመሩም በኋላ ስልኩ ለሌሎች እንዳይታይ ይደረግ። የይለፍ ቍጥሩ ሊለወጥ የሚችል የሆነ እንደ ሆነ ከፋብሪካ የመጣው ይለወጥ። ሠራተኛ ሲዛወር ወይም ስልክ ሲጠፋ ጥንዱ በዚያው ቀን ይሰረዝ። የገበሬዎች ስምና የመሬታቸው ልክ የተጻፈበት ስልክ ከመንግሥት ማኅተም ያነሰ ጥበቃ አይገባውም።

ይህ ትምህርት ለማዳበሪያና ለዘር ብቻ የሚሆን አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው ደንብ፥ ወደ አገሩ የሚገባ ቡና ከ2020 ታኅሣሥ መጨረሻ ወዲህ ደን ካልተመነጠረበት መሬት የተለቀመ መሆኑ፥ የመሬቱም ስፍራ ተለይቶ እንዲታወቅ ይጠይቃል። ቡና አምራቹ ባላገር ደኑን ጠብቆ ሳለ፥ ጆንያው በመጋዘን ከማን እንደ መጣ ሳይታወቅ ከሌላው ጋር የተደባለቀ እንደ ሆነ፥ ድካሙን የሚመሰክርለት አያገኝም። ከእርጥብ ቡና መረከቢያው ጀምሮ እስከ መጋዘኑ ድረስ ያለው መዝገብ ሳይቋረጥ የተያያዘ እንደ ሆነ ግን፥ ጆንያው ስለ ባለቤቱ ይመሰክራል።

አንዳንድ ሽማግሌ የመዝገብ ሠራተኞች አዲሱን መሣሪያ ሲያዩ ይሠጋሉ፤ ሥራቸውን የሚነጥቃቸው ወይም ስሕተታቸውን የሚያሳብቅባቸው ይመስላቸዋልና። እነርሱን በቍጣ ማስገደድ አይገባም። ሹሙ አንድ ፀጥ ያለ ቀን መርጦ፥ ወጣቱ ማጣመሩን ለሽማግሌው፥ ሽማግሌውም የመጋዘኑን ሥርዓት ለወጣቱ እንዲያስተምሩ ቢያደርግ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ጆንያ በመልኩ፥ ዘርም በፍሬው ሲታይ ደኅናውን ከተበላሸው የሚለየው የሽማግሌው ዐይን ነው፤ መሣሪያው ይህን ሊያደርግ አይችልም። ጠባያቸው ታውቆ የተጠመዱ በሬዎች ሲስማሙ ትልሙ ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ፥ ሰውና መሣሪያም በሥርዓት ሲጣመሩ የገበሬው ዘር ዝናሙ ሳያልፍ ከእጁ ይገባል።